ወንድና ሴት በጭንቀት ፊት፤ ከልጅነት እስከ እርጅና
(በሬዲዮ የቤተሰብ ዝግጅታችን ላይ የቀረበ ንግግር)

በአላህ ስም እንጀምራለን። ምስጋና ለአላህ (ሱ.ወ) የተገባ ነው። የአላህ እዝነትና ሰላም በነብያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።

የዛሬው ርእሳችን በየቤታችን ያለ፣ ነገር ግን ብዙም ተቀምጠን የማንወያይበት ጉዳይ ነው። እሱም ጭንቀት ነው።

ጭንቀት ሲነሳ በብዙ ቤቶች ሁለት ዓይነት ወቀሳ ይሰማል። ባል፣ «ሴት ልጅ በትንሽ በትልቁ ትጨነቃለች፤ ለማንም የማይከብደው ለእሷ ይከብዳታል» ይላል። ሚስት በበኩሏ፣ «ወንድ ልጅ ምን አለበት? ቤቱ ቢፈርስ እንኳ ደንታ የለውም» ትላለች። እናት ለአቅመ ሔዋን የደረሰች ልጇን፣ «ምን ሆነሽ ነው ቀኑን ሙሉ የምትነጫነጪው?» ትላታለች። የልጅ ልጆች ደግሞ ስለ አያታቸው፣ «አርጅታ ነው፤ በር ሲንኳኳም ትደነግጣለች» ብለው ያልፋሉ። ሁሉም የሚናገረው ጭንቀት የጸባይ ጉዳይ ብቻ እንደሆነ አድርጎ ነው።

ጭንቀት ግን በጸባይ ብቻ የሚወሰን አይደለም። አላህ በሰውነታችን ውስጥ ያኖረው፣ በደምና በምራቅ የሚለካ ንጥረ ነገር አለው። ይህ ንጥረ ነገር በወንድና በሴት ላይ አንድ ዓይነት አይደለም። የበለጠ የሚያስገርመው ደግሞ ልዩነቱ ራሱ ከእድሜ ጋር መለዋወጡ ነው። በአንዱ የእድሜ ክልል የወንዱ ከፍ ይላል፤ በሌላው የእድሜ ክልል የሴቷ ከፍ ይላል። ከዚህ የምንረዳው እድሜውን ሙሉ ብርቱ ሆኖ የተፈጠረ እንደሌለ፣ እድሜዋን ሙሉ ደካማ ሆና የተፈጠረችም እንደሌለች ነው። ስለዚህ በየደረጃው ሸክሙ የቀለለለት ሸክሙ የከበደበትን ማገዝ ይኖርበታል። የዛሬው ንግግራችን ዓላማ ይህንን ማስረዳት ነው፤ ኢንሻ አላህ።

ኮርቲሶል ምንድን ነው?

ከሁለቱ ኩላሊቶቻችን በላይ እንደ ቆብ የተቀመጡ ሁለት ትናንሽ እጢዎች አሉ። ድንገት ስንደነግጥ እነዚህ እጢዎች መጀመሪያ አድሬናሊን የተባለውን ሆርሞን ያመነጫሉ። ልባችን በኃይል የሚመታው፣ እጃችን የሚያልበው በዚህ ጊዜ ነው። አድሬናሊን በሰኮንዶች ውስጥ ይደርሳል። ከእሱ ቀጥሎ፣ በደቂቃዎች ውስጥ፣ ኮርቲሶል የተባለው ይከተላል። የጭንቀት ሆርሞን እየተባለ በብዛት የሚጠራው እሱ ነው።

የኮርቲሶል ትእዛዝ የሚነሳው ከአንጎል ነው። የአንጎል የታችኛው ክፍል ከሥሩ ላለችውና የአተር ፍሬ ለምታክለው ፒቱታሪ ለተባለች እጢ መልእክት ይልካል። እሷም መልእክቱን በደም በኩል ከኩላሊት በላይ ላሉት እጢዎች ታደርሳለች፤ እነሱም ኮርቲሶልን ያመነጫሉ። ኮርቲሶሉ በቂ ሲሆን ራሱ ወደ አንጎል ተመልሶ ምርቱ እንዲቆም ያደርጋል። ሱብሐነላህ! ጀማሪውም አስቋሚውም በአንድ ሥርዓት የተያያዙ ናቸው።

ኮርቲሶል ጠላታችን አይደለም። ያለ እሱ መኖር አይቻልም። በችግር ጊዜ ጉልበት እንድናገኝ ስኳርን ወደ ደም ያወጣል፤ የደም ግፊታችን እንዳይወድቅ ይረዳል። የራሱ የሆነ የቀን ሥርዓትም አለው። ሌሊቱ ሊነጋጋ ሲል እየጨመረ ይሄዳል፤ ከእንቅልፍ ከነቃን በኋላ ከ30 እስከ 45 ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ ከፍ ይላል፤ ከዚያ ቀኑን ሙሉ እየቀነሰ ሄዶ እኩለ ሌሊት አካባቢ ዝቅተኛው ደረጃ ላይ ይደርሳል። ጉዳት የሚሆነው ከፍ ብሎ መውረድ ሲያቅተው ነው። ለወራትና ለዓመታት ሳይወርድ ከቆየ እንቅልፍ ይነሳል፣ የደም ስኳርንና ግፊትን ያባብሳል፣ አጥንትን ያሳሳል፣ በሽታ የመከላከል አቅምን ያዳክማል፣ የማስታወስ ችሎታንም ይጎዳል።

ሐንስ ሰልዬ የተባለው ሐኪም ሰውነት ለልዩ ልዩ ጉዳቶች የሚሰጠው መልስ ተመሳሳይ መሆኑን ከካናዳ ሞንትሪያል ከተማ ሆኖ የጻፈው እ.ኤ.አ. በ1936 ነው። ኮርቲሶልን ጨምሮ የነዚህን እጢዎች ሆርሞኖች ላጠኑት ለኬንዳል፣ ለራይክስታይንና ለሄንች በ1950 የኖቤል ሽልማት ተሰጥቷቸዋል። ወንድና ሴት የሚለያዩበትን መንገድ በስፋት መመርመር የተጀመረው ግን ከዚያ ብዙ ቆይቶ ነው። በምራቅ መለካት ሲቻል መርፌ ሳያስፈልግ ሕጻኑንም አዛውንቱንም ማጥናት ቀላል ሆነ።

በልጅነትና በጉርምስና

ከልጆች እንጀምር። በ2017 የሆላንድ ተመራማሪዎች በልጆች ላይ የተደረጉ ብዙ ጥናቶችን ሰብስበው መርምረዋል። ከ8 ዓመት በታች ባሉ ልጆች ምራቅ ውስጥ የወንዶቹ ኮርቲሶል ከሴቶቹ ትንሽ ከፍ ብሎ ተገኝቷል። ከ8 እስከ 18 ዓመት ባሉት ላይ ግን ነገሩ ተገለበጠ፤ የሴቶቹ ከፍ አለ። ልዩነቱ ብዙ አይደለም፤ ነገር ግን ልብ ልንለው ይገባል። ከጉርምስና ወዲህ የድብርት ሕመም በሴቶች ላይ ከወንዶች እጥፍ ያህል እንደሚታይ የታወቀ ነው። ለዚህ ምክንያቱ ብዙ ነው፤ ሆርሞኑ ብቻውን አያመጣውም። ሆኖም ሰውነቷ በሚለወጥበት በዚያው ጊዜ የቤት ሥራውም፣ የትምህርቱም፣ የሰው ዓይንም በአንድ ላይ ይመጡባታል።

እኛ ግን በየቤታችን ምን እናደርጋለን? ትንሹን ልጅ ሲያለቅስ፣ «ወንድ ልጅ አያለቅስም!» እንለዋለን። ሰውነቱ የሚነግረውን ስሜት እንዲደብቅ ከአሁኑ እናስተምረዋለን። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ግን ልጃቸው ኢብራሂም ሲሞት በሰው ፊት እንባቸውን አፍስሰዋል፤ የተገረሙትንም ሰዎች ይህ እዝነት መሆኑን አስረድተዋቸዋል። የልጅ ልጃቸውን ሐሰንን (ረ.ዐ) ሲስሙ አይቶ፣ አሥር ልጆች እንዳሉትና አንዳቸውንም ስሞ እንደማያውቅ የነገራቸውን አቅረዕ ኢብኑ ሓቢስን፣ የማያዝን ሰው እዝነትን እንደማያገኝ ነግረውታል። ወንድ ልጅን ማቀፍ አያሞላቅቀውም።

በሌላ በኩል የ13 ዓመቷ ልጃችን ከትምህርት ቤት ስትመለስ ወንድሟ ኳስ ሊጫወት ይወጣል፤ እሷ ወደ ማጀት ትገባለች። ማታ ደክሟት ስትቆጣ ጸባይዋ ተበላሸ እንላለን። ሥራውን ለሁለቱ ማካፈል፣ የምትተኛበትን ሰዓት መጠበቅ፣ ሳንገስጽ ማዳመጥ የወላጅነት አማናችን ነው።

በወጣትነትና በትዳር

አሁን ወደ ጎልማሶቹ እንለፍ። ትሪር በምትባለው የጀርመን ከተማ ያሉ ተመራማሪዎች በ1993 ይፋ ያደረጉት የጭንቀት መፈተኛ አለ። ተፈታኙ ጥቂት ደቂቃ እንዲዘጋጅ ይደረግና ፊታቸውን በማይፈቱ ዳኞች ፊት ለ5 ደቂቃ ንግግር ያደርጋል፤ ከዚያም ለሌላ 5 ደቂቃ በቃሉ ሒሳብ ይሠራል። ከመጀመሩ በፊትና ከጨረሰ በኋላ ምራቁ ይለካል። ይህ ፈተና በብዙ አገሮች ተደጋግሞ ተሠርቷል። በአማካይ የወንዶቹ ኮርቲሶል ከሴቶቹ በበለጠ ሲያሻቅብ ታይቷል።

እንግዲህ «ወንድ አይጨንቀውም» የሚለው ወዴት ይሂድ? ፊቱ የረጋ የሚመስለው ወንድ በውስጡ የሚነደው ከፍ ያለ ነው። ሴቶቹም ቢሆኑ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት አይደሉም። በ1999 የታተመ ጥናት እንዳሳየው በወር አበባ ዑደት ሁለተኛ አጋማሽ ላይ ያሉ ሴቶች መልሳቸው ከወንዶቹ ጋር የሚቀራረብ ነው፤ በመጀመሪያው አጋማሽ ላይ ያሉትና የወሊድ መቆጣጠሪያ ክኒን የሚወስዱት ግን ዝቅ ያለ ነበር። ለዚህ አንዱ ምክንያት በክኒኑ ውስጥ ያለው ኤስትሮጅን በደም ውስጥ ኮርቲሶልን ይዞ የሚያቆየውን ፕሮቲን ስለሚያበዛ፣ ነጻ ሆኖ የሚሠራውና በምራቅ የሚገኘው መቀነሱ ነው። አንዲት ሴት በአንድ ወር ውስጥ እንኳ ሁለት ዓይነት የሆነችው በፈጣሪዋ ሥርዓት እንጂ በጸባይዋ መለዋወጥ አይደለም። ሸሪዓችን በሐይድ ጊዜ ሰላትን ከእሷ ማንሳቱን ስናስብ፣ ዲናችን የሰውነቷን ሁኔታ ምን ያህል እንደቆጠረላት እንረዳለን። አላህ ያቀለለላትን እኛ ለምን እናክብድባት?

ሌላም አለ። በ2002 በአሜሪካ የታተመ ጥናት ሁለት ዓይነት ጭንቀት አወዳድሯል። አንዱ የሒሳብና የቃል ፈተና ነው፤ ሌላው በጨዋታ መሐል በሌሎች መገለል ነው። የወንዶቹ ኮርቲሶል በፈተናው፣ የሴቶቹ ደግሞ በመገለሉ የበለጠ ጨመረ። ይህ አማካይ ነው፤ እያንዳንዱ ወንድና እያንዳንዷ ሴት እንደዚያ ናቸው ማለት አይደለም። ለቤታችን ግን ትምህርት አለው። ሥራው የተቋረጠበት፣ ንግዱ የከሰረበት ባል ዝም ሲል፣ «ምነው ዝም አልክ? ከእኛ ጋር መነጋገር ጠላህ?» ከማለት በፊት ዝምታው ውስጥ ያለውን ማሰብ ይገባል። በሰው ፊት «እገሌ እንኳ ቤት ሠራ» ማለት ቁስሉ ላይ ጨው መነስነስ ነው። ሚስት በበኩሏ የባሏ ቤተሰብ ሲያገልላት፣ ጎረቤት ቡና ጠርቶ እሷን ሲያልፋት፣ ባል «ይህም ጉዳይ ሆኖ ነው?» ብሎ ማቃለል የለበትም። ጉዳይ ነው፤ በሰውነቷ ውስጥ የሚለካ ጉዳይ ነው። ሐሜትና ማግለል በዲናችን የተከለከሉትም ሰውን ስለሚጎዱ ነው።

መጽናናት እንዴት ነው?

ባልና ሚስት እርስ በርስ እንዴት ይጽናኑ? በዚህም ላይ የተሠራ ነገር አለ። በ1995 በታተመ ጥናት ተፈታኞች ከንግግሩ በፊት ባለው የዝግጅት ጊዜ የሕይወት አጋራቸው አብሯቸው እንዲሆን ተደረገ። ወንዶቹ አጋራቸው ስትኖር ኮርቲሶላቸው ቀነሰ። ሴቶቹ ላይ ግን አጋራቸው መኖሩ አልቀነሰላቸውም፤ እንዲያውም ወደ መጨመሩ አደላ። በ2007 ደግሞ የስዊዘርላንድ ተመራማሪዎች ሴቶችን በሦስት ከፈሉ። አንዶቹ ብቻቸውን ቆዩ፤ ሌሎቹን አጋራቸው በቃል አበረታታቸው፤ ሦስተኛዎቹን አንገታቸውንና ትከሻቸውን አሸላቸው። ኮርቲሶላቸው ዝቅ ያለው ሦስተኛዎቹ ናቸው። ቃል ብቻ የተሰጣቸው ብቻቸውን ከነበሩት አልተለዩም።

ዲናችን ከቤተ ሙከራ ማረጋገጫ የሚጠብቅ አይደለም። ነገር ግን ይህንን ስናነብ የምናውቀው ሲራ ትዝ ይለናል። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) የመጀመሪያው ወሕይ በሒራ ዋሻ ከመጣላቸው በኋላ እየተንቀጠቀጡ ወደ ኸዲጃ (ረ.ዐ) ተመለሱ። እንድትሸፍናቸውም ጠየቁ። እሷ ምን እንደሆኑ አላፋጠጠቻቸውም፤ መጀመሪያ ሸፈነቻቸው። ፍርሃቱ ከለቀቃቸው በኋላ የሆነውን ሲነግሯት መልካም ሥራቸውን አንድ በአንድ አስታወሰቻቸው፤ ዝምድናን መቀጠላቸውን፣ ደካማን መርዳታቸውን፣ እንግዳን ማክበራቸውን ዘርዝራ አላህ እንደማያዋርዳቸው አረጋገጠችላቸው። ከዚያም ወደ አዋቂው ዘመዷ ወደ ወረቃ ወሰደቻቸው። ቅደም ተከተሉን አስተውሉ፤ መጀመሪያ ሰውነትን ማረጋጋት፣ ከዚያ ማዳመጥ፣ ከዚያ መልካሙን ማስታወስ፣ በመጨረሻ አዋቂን ማማከር።

ለሚስትስ? ሐበሾች በዒድ ቀን በመስጊድ ውስጥ በጦራቸው ሲጫወቱ ዓኢሻ (ረ.ዐ) ልታይ ፈለገች። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) በኩታቸው ጋርደዋት፣ ጉንጯን ከጉንጫቸው አስጠግታ፣ እሷ ራሷ እስክትጠግብ ድረስ ቆሙላት። ምክርም ተግሣጽም አልነበረበትም። ጊዜያቸውንና ቅርበታቸውን ነው የሰጧት። ዛሬ ብዙ ባሎች ሚስታቸው ስትጨነቅ የሚሰጡት ረዥም ምክር ነው። እጇን ይዞ ዝም ብሎ አጠገቧ መቀመጥ ከምክሩ ሊበልጥ ይችላል።

በእርግዝናና በአራስነት

አሁን ወንድ ወደማይደርስበት ደረጃ ደርሰናል። በእርግዝና ጊዜ የእንግዴ ልጁ ራሱ ኮርቲሶል እንዲመነጭ የሚያዘውን መልእክት ያወጣል። ስለዚህ በመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት በእናትየዋ ደም ውስጥ ያለው ጠቅላላ ኮርቲሶል ከቀድሞው ሁለትና ሦስት እጥፍ ይደርሳል። ይህ በሽታ አይደለም፤ ለጽንሱ ሳንባና ለሌሎች አካላቱ መብሰል ያስፈልጋል። ጽንሱ ከልክ በላይ እንዳይደርሰው ደግሞ በእንግዴ ልጁ ውስጥ አብዛኛውን ኮርቲሶል የሚያበርድ ኢንዛይም ተቀምጧል። ለድንገተኛ ጭንቀት የምትሰጠው መልስም ወደ መውለጃዋ ስትቃረብ እየቀዘቀዘ ይሄዳል። የጥበበኛው ጌታ ሥራ ይህን ይመስላል። ቁርኣን እናት በድካም ላይ ድካም ተሸክማ ልጇን እንደምታረግዝ የሚነግረን በከንቱ አይደለም።

ከወሊድ በኋላ የእንግዴ ልጁ ሲወጣ ይህ ሁሉ በቀናት ውስጥ ይወርዳል። ሌሎቹ የእርግዝና ሆርሞኖችም አብረው ይወርዳሉ። በዚህ ላይ የእንቅልፍ ማጣትና የአዲስ ልጅ ለቅሶ ይጨመራል። በመጀመሪያው ሳምንት ብዙ እናቶች ያለ ምክንያት የሚያለቅሱት በዚህ ጊዜ ነው። አላህ ለጡት ማጥባት የሰጠው ጸጋ ደግሞ አለ፤ የሚያጠቡ እናቶች ጡት ካጠቡ በኋላ ባለው ጊዜ ለጭንቀት የሚሰጡት የኮርቲሶል መልስ ዝቅ እንደሚል ተረጋግጧል። ይህን ጸጋ የምታገኘው ግን ተረጋግታ የምታጠባበት ጊዜና ቦታ ስታገኝ ነው።

የመርየምን (ዐ.ሰ) ታሪክ እናስታውስ። ብቻዋን ሆና ምጥ ወደ ቴምር ዛፍ ግንድ ባስጠጋት ጊዜ ከዚያ በፊት ሞታ በነበረ ኖሮ ተመኘች። በተናገረችው አልተወቀሰችም። ኢማንሽ ጎደለ አልተባለችም። የመጣላት ማጽናኛ፣ ከበታቿ የሚፈስ ውሃና የበሰለ ቴምር ነበር። አራስ ስታለቅስ «በአላህ ጸጋ ላይ ታለቅሻለሽ?» የሚሉ ሰዎች ይህን ታሪክ ደግመው ቢያነቡት መልካም ነው። ሸሪዓው ለኒፋስ ሴት ሰላትን አንስቶላታል፤ ነፍሰ ጡርና የምታጠባ ሴት ለራሷ ወይም ለልጇ ስትሰጋ እንድታፈጥር ፈቅዶላታል። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሰላት እያሰገዱ የሕጻን ለቅሶ ሲሰሙ እናቱ እንዳትጨነቅ ሰላታቸውን ያሳጥሩ ነበር። የእናት ጭንቀት ሰላትን ካሳጠረ፣ የእኛን ወሬና ጉብኝት አያሳጥርም?

አራስ ጥየቃ የምንሄድ ሁሉ እናስብበት። ገንፎ ይዞ ገብቶ፣ ልብስ አጥቦ፣ ዱዓ አድርጎ ቶሎ መውጣት እርዳታ ነው። ሦስት ሰዓት ተቀምጦ ቡና ማስፈላት ግን ጭነት ነው። ሐዘኑ ከሁለት ሳምንት ካለፈ፣ ልጇን መንከባከብ ካቃታት፣ ወይም ራሷን ስለመጉዳት ካሰበች ወዲያውኑ ወደ ጤና ጣቢያ ልትወሰድ ይገባል። መታከም ከተወኩል ጋር አይጋጭም፤ ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) እንድንታከም አዘውናል።

ከሥራ ወደ ቤት

ሁለቱም ሥራ የሚውሉበት ቤት ደግሞ የራሱ ጉዳይ አለው። በስዊድን በ1989 የታተመ ጥናት በአንድ ድርጅት ያሉ ወንድና ሴት ኃላፊዎችን ተከታትሏል። በሥራ ሰዓት የሁለቱም የጭንቀት ሆርሞን ከፍ ያለ ነበር። ከሥራ ሰዓት በኋላ የወንዶቹ ኖርአድሬናሊን ቶሎ ወረደ፤ የሴቶቹ ግን አልወረደም፤ ጭራሽ ጨመረ። ምክንያቱን ለመገመት ብዙ መመራመር አያስፈልግም፤ እሷን ሁለተኛው ፈረቃ ቤት ይጠብቃታል።

በ2011 የታተመ የሎስ አንጀለስ ጥናት ደግሞ ሁለቱም የሚሠሩ 30 ባልና ሚስቶችን ተመልክቷል። ባል በቤት ሥራ ብዙ ሲያግዝ የሚስት ኮርቲሶል ማታ በደንብ ወረደ። የባል ኮርቲሶል በደንብ የወረደው ግን እሱ ሲያርፍና ሚስቱ የእረፍት ጊዜ ሲያጥራት ነበር። ይህ የሚያሳፍር ነገር ነው። የአንዱ እረፍት በሌላዋ ድካም ሲገዛ ቤት ሚዛኑን ይስታል።

ዓኢሻ (ረ.ዐ) ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) በቤታቸው ምን ይሠሩ እንደነበር ስትጠየቅ ቤተሰባቸውን በማገልገል ላይ እንደሚቆዩና የሰላት ሰዓት ሲደርስ እንደሚወጡ ተናግራለች። ልብሳቸውንና ጫማቸውን ራሳቸው ይጠግኑ ነበር። የአላህ መልእክተኛ ቤታቸውን ሲያገለግሉ ክብራቸው ካልቀነሰ፣ የእኛ ክብር ሰሐን በማጠብ አይቀንስም።

የረመዷን ወር ይህንን ይበልጥ ያጎላዋል። በጅዳ ከተማ ተጠንቶ በ2013 የታተመ ሥራ እንዳሳየው፣ በረመዷን በጤነኞች ላይ የማታው ኮርቲሶል እንደወትሮው ሳይወርድ ቀርቷል፤ ተመራማሪዎቹ ይህን ሌሊትን በማምሸት ከተለወጠው አኗኗር ጋር አያይዘውታል። ጾሙ እዝነት ነው፤ ሌሊቱን በወሬና በቴሌቪዥን ማሳለፍ ግን ከጾም አይደለም። በየቤታችን ደግሞ ለሰሑር ቀድማ የምትነሳው፣ ለኢፍጣር መጨረሻ የምትቀመጠው አንዲት ናት። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከዒሻ በኋላ ማምሸትን ይጠሉ እንደነበር እናስታውስ። ከኢፍጣሩ ዓይነት ሁለቱን ቀንሰን የእሷን እንቅልፍ አንድ ሰዓት ብንጨምር ትልቅ ሶደቃ ነው።

በእርጅና

በመጨረሻ ወደ አዛውንቶቻችን እንምጣ። በ1996 የታተመ ጥናት ከ18 እስከ 83 ዓመት የሆናቸውን 90 ወንዶችና ከ18 እስከ 75 ዓመት የሆናቸውን 87 ሴቶች ቀኑንና ሌሊቱን ለክቷል። ከ20 እስከ 80 ዓመት ባለው እድሜ መካከለኛው የኮርቲሶል መጠን በሁለቱም ጾታ ከ20 እስከ 50 በመቶ ይጨምራል። የወር አበባቸው ያልተቋረጠ ሴቶች ከእኩያ ወንዶች በትንሹ ያነሰ መጠን ነበራቸው። እድሜ ሲገፋ ግን የጠዋቱ ከፍታ በሴቶች ላይ ጨመረ፤ በወንዶች ላይ አልጨመረም። በሁለቱም ላይ የሌሊቱ ዝቅታ እንደ ወጣትነት ዝቅ አይልም፤ የጠዋቱ መነሻም ቀደም ይላል። አዛውንቶች ሌሊት ነቅተው የሚያድሩት ያለ ምክንያት አይደለም።

በ2005 ደግሞ 45 ጥናቶች አንድ ላይ ተገምግመው ነበር። ሰውነት ሲፈተን የሚመነጨው ኮርቲሶል በእድሜ የገፉ ሰዎች ላይ ከወጣቶች የበለጠ ነው። ይህ የእድሜ ጭማሪ በሴቶች ላይ ከወንዶቹ ሦስት እጥፍ የሚቃረብ ሆኖ ተገኝቷል። አስተውሉ፤ በወጣትነት በብዙ ፈተናዎች ከወንዱ ያነሰ መልስ የነበራት ሴት በእርጅና ቦታ ትለዋወጣለች። ያኔ የወንዱን ሸክም የተሸከመችው እሷ ነበረች። ዛሬ ተራው የባሏና የልጆቿ ነው።

ስለዚህ እናታችን በትንሽ ነገር ስትደነግጥ አንሳቅባት። ስልክ ስንዘገይባት፣ ሳንነግራት ስናመሽ፣ በፊቷ ስንጨቃጨቅ ሰውነቷ የሚከፍለው ከእኛ የበለጠ ነው። ቁርኣን ወላጆች በእርጅና ከእኛ ዘንድ ሲሆኑ የመሰላቸት ቃል እንኳ ከአፋችን እንዳይወጣ ከልክሎናል። ትእዛዙ በተለይ ስለ እርጅናቸው መሆኑ ይገርማል። ባሏ የሞተባት እናት ብቻዋን እንዳትውል ልጆች ተራ ይግቡ። አዛውንት አባትም አይረሳ፤ ከሥራ ተገልሎ ቤት የዋለ አባት ማንም ምክር ሳይጠይቀው ሲቀር ዝምታው ይበዛል። በጉዳያችን እናማክረው።

ታዲያ ምን እናድርግ?

ከዚህ ሁሉ በኋላ አንድ ማሳሰቢያ አለን። ማንም ሰው ይህን ይዞ፣ «ሆርሞኔ ነው» ብሎ ለመስደብና ለመማታት ሰበብ አያድርገው። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) የተቆጣ ሰው ቆሞ ከሆነ እንዲቀመጥ፣ ካልለቀቀው እንዲተኛ መክረዋል። ስሜቱ በሰውነት ውስጥ መሆኑ ከተጠያቂነት አያድንም፤ የምናበርድበት መንገድ ተሰጥቶናልና።

ዛሬ ማታ በየቤታችሁ ተቀምጣችሁ አንድ ጥያቄ ተጠያየቁ። በዚህ ቤት አሁን ሸክሙ የከበደው በማን ላይ ነው? ለፈተና የምትዘጋጀው ልጅ ናት? ሥራ ያጣው አባት ነው? አራሷ ናት? አያት ናት? መልሱ ከዓመት ወደ ዓመት ይለዋወጣል። ያ ሰው ከታወቀ ከሥራው አንዱን ውሰዱለት፤ እንቅልፉን ጠብቁለት፤ አጠገቡ ተቀመጡ፤ በዱዓችሁ ስሙን ጥሩ። ነገ ተራው የእናንተ ነው።

አላህ (ሱ.ወ) ቤቶቻችንን የእዝነትና የእርጋታ ቤቶች ያድርግልን። የተጨነቁትን ያጽናናልን፤ ነፍሰ ጡሮቻችንን በሰላም ያገላግልልን፤ ለወላጆቻችን በእርጅናቸው የምናዝን ልጆች ያድርገን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።